ሽያጩ አድጎ ገንዘቡ የት ገባ? ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ሽያጬ ካምናው በአንድ አራተኛ ጨምሯል፤ የጨመረውም በዋናነት ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች በዱቤ መውሰድ ስለጀመሩ ነው። ነገር ግን ወር ሲሞላ ኪራይና ደመወዝ ለመክፈል እቸገራለሁ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አይገባኝም። ብድር ወስጄ ሁለተኛ ሱቅ ብከፍት ይሻለኛል?

መልስ፦ አሁን አይክፈቱ። መጀመሪያ ገንዘብዎ የት እንደተቀመጠ ይወቁ፤ ሁለተኛው ሱቅ ያለውን ችግር እጥፍ ያደርገዋል እንጂ አይፈታውም። ትርፍ እያለ ጥሬ ገንዘብ ማጣት በማደግ ላይ ባለ ንግድ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሠራተኛውን ነው። እሱም ሊሆን ይችላል፤ እንዴት እንደሚጣራ ወደኋላ ላይ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡን እንየው።

አኃዝ ስላልጻፉ ለስሌት የሚመች ምሳሌ እወስዳለሁ፤ በራስዎ ቁጥር ይተኩት። የወር ሽያጭዎ 200,000 ነበር፣ አሁን 250,000 ደርሷል እንበል። ከእያንዳንዱ 100 ሽያጭ 80ው የዕቃው መግዣ ነው፣ 20ው ጥቅል ትርፍ። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ስልክ፣ የእርስዎም ደመወዝ ተደምሮ በወር 34,000 ይወጣል። አምና ጥቅል ትርፉ 40,000 ስለነበር ወጪው ተቀንሶ 6,000 ይቀር ነበር። ዘንድሮ ጥቅል ትርፉ 50,000 ነው፤ የሚቀረውም 16,000። ግብሩን ለጊዜው እንተወውና፣ በወረቀት ላይ ትርፍዎ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንምጣ። የ60 ቀን ዕቃ ይዘው የሚሠሩ ከሆነ አምና በመግዣ ዋጋ 320,000 የሚያወጣ ክምችት ይበቃዎት ነበር፤ ዘንድሮ ለዚያው 60 ቀን 400,000 ያስፈልጋል። 80,000 መደርደሪያ ላይ ወጣ። አምና ከሽያጭዎ 20 በመቶው በዱቤ ሆኖ በ30 ቀን ይከፈል ከነበረ ሰው እጅ የነበረው ገንዘብ 40,000 ነው። ዘንድሮ ዱቤው 30 በመቶ ደርሶ ክፍያውም ወደ 45 ቀን ከተጎተተ 112,500 ሆኗል። እዚህም 72,500 ሄደ። በአንጻሩ አከፋፋዮችዎ የ15 ቀን ጊዜ የሚሰጡዎት ከሆነ ለእነሱ ያለብዎት ዕዳ ከ80,000 ወደ 100,000 አድጎ በ20,000 አግዞዎታል። ሲካካስ 132,500 ከመሳቢያዎ ወጥቷል። በወር 16,000 እያተረፉ ይህን ለመተካት ከ8 ወር በላይ ይፈጃል። ማንም አልሰረቀዎትም፤ ዕድገቱ ራሱ በላው።

ይህም ቢሆን የትርፍ መጠንዎ እንዳልቀነሰ ገምተን ነው። ለትምህርት ቤት በጅምላ የሚወጣ ደብተር በስስ ትርፍ እንደሚሸጥ፣ የኮፒና የጥረዛ ሥራ ደግሞ በወፍራም ትርፍ እንደሚሠራ እርስዎም ያውቁታል። የጨመረው ሽያጭ ከስሱ በኩል ከሆነ ከ100 የሚቀረው ከ20 ወደ 17 ወርዶ ሊሆን ይችላል። በ250,000 ሽያጭ ላይ ይህ በወር 7,500 ነው፤ ከ16,000ው ግማሹን ሊያስቀር ጥቂት ቀረው። ስለዚህ ሽያጭዎን ቢያንስ በሦስት ከፍለው ይመዝግቡ፦ የመደርደሪያ ሽያጭ፣ የዱቤ ደንበኞች ሽያጭ፣ አገልግሎት (ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን ማለትም ወረቀት በፕላስቲክ መለበጥ)። አንድ ድምር ብቻ ጽፎ ማደር የትኛው እንደሚያበላና የትኛው እንደሚበላ አያሳይም።

ገንዘቡን ቶሎ የሚመልሰው ዱቤውን ማስተካከል ነው፤ ከእሱ ይጀምሩ። የዱቤ ደብተርዎን አውጥተው እያንዳንዱን ያልተከፈለ ደረሰኝ በዕድሜው ይመድቡ፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከ90 በላይ። ይህን ሠንጠረዥ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ያድሱት። ከ60 ቀን ላለፈ ደንበኛ አዲስ ዕቃ አይወጣም፤ ቢወጣም በጥሬ ገንዘብ ብቻ። ይህን ደንብ ለሠራተኞችዎ በጽሑፍ ይስጧቸው፤ ዱቤ የመፍቀድ ሥልጣን ግን የእርስዎ ብቻ ይሁን። «ነገ እንከፍላለን» የሚለው ቃል ለሻጩ ልጅ ሲነገርና ለባለቤቱ ሲነገር ክብደቱ አንድ አይደለም።

ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች የሚዘገዩት ሁልጊዜ ገንዘብ አጥተው አይደለም። የክፍያ መንገዳቸው ረጅም ስለሆነና እርስዎ የዚያን መንገድ በር ስለማያውቁት ነው። ስለዚህ ዱቤ ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ክፍያ የሚያጸድቀው ማን ነው? በወር ውስጥ ክፍያ የሚወጣው መቼ ነው? ከደረሰኙ ጋር ምን ሰነድ መያያዝ አለበት? ክፍያ በወሩ በ25 የሚወጣበት መሥሪያ ቤት ደረሰኝዎ በ26 ቢደርሰው ሌላ አንድ ወር ይጠብቃሉ። የግዢ ማዘዣ ቁጥሩ ያልተጻፈበት ወይም የተቀባዩ ፊርማ የሌለበት ደረሰኝ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ መቅረቱንም የሚነግርዎት የለም። ደረሰኙን ዕቃው በተረከበበት ቀን ይስጡ፤ ወር ጠብቀው አንድ ላይ ካጠራቀሙ ያን ያህል ቀን በነጻ አበደሩ ማለት ነው። ከመክፈያው ቀን 5 ቀን ቀደም ብሎ «ደረሰኙ ደርሶዎታል ወይ? የጎደለ ነገር አለ?» ብሎ መደወል ካለፈ በኋላ ከመለማመጥ እጅግ ይቀላል።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያ ይወስኑ። ጣሪያውን ለመወሰን ይህን ያስቡ፦ 10,000 የሚያወጣ ዕቃ ወስዶ የማይከፍል ደንበኛ ከኪስዎ ያወጣው መግዣውን 8,000 ነው። በ20 በመቶ ትርፍ ይህን ለመመለስ የ40,000 ዕቃ መሸጥ አለብዎት፤ ያ ሁሉ ድካም ባዶ ቦታ ለመሙላት ብቻ። እንዲህ ያለ ጉዳት ሱቁን ሳያናጋ ሊያልፍ የሚችልበት ልክ ጣሪያዎ ይሁን። ከጠቅላላ ዱቤዎ ከሩብ በላይ በአንድ ደንበኛ እጅ መገኘቱንም አልወደውም፤ ያ ደንበኛ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ክፍያ ቢያዘገይ የእርስዎ ደመወዝ መክፈያ ይቆማል። በዱቤ መዝገብ ላይ ብቻ ያለ ትርፍ፣ እንደሚባለው፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቀጥሎ ክምችቱ። ዕቃዎችዎን በሽያጭ መጠን ከላይ ወደ ታች ይደርድሯቸው። ጥቂቶቹ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት አንዱ ያህል፣ አብዛኛውን ሽያጭ ሲይዙ ያገኟቸዋል፦ የኮፒ ወረቀት፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የተወሰኑ የደብተር ዓይነቶች፣ ፋይል፣ ቶነር (የኮፒ ማሽኑ ዱቄት ቀለም)። እነዚህ መቼም ማለቅ የለባቸውም። ለእያንዳንዳቸው «ስንት ሲቀር ነው የማዝዘው» የሚለውን ይወስኑ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቀን ሽያጭ፣ ሲባዛ ዕቃው ከታዘዘ እስኪደርስ ባለው ቀን፣ ሲደመር መጠባበቂያ። በቀን 12 ደስጣ (ባለ 500 ቅጠል እሽግ) ወረቀት የሚያወጡ ከሆነ፣ አከፋፋዩ በ4 ቀን የሚያደርስ ከሆነና የ3 ቀን መጠባበቂያ ከያዙ፣ 12 በ7 ሲባዛ 84 ደስጣ ነው። ባለ 5 ደስጣ ካርቶን ከሆነ 17 ካርቶን ሲቀር ይዘዛል። ቁጥሩን መደርደሪያው ላይ ይለጥፉት፤ እርስዎ ባይኖሩም ሠራተኛው ያያል። የትምህርት መክፈቻ ሲቃረብ የቀን ሽያጩም የአከፋፋዩ መዘግየትም አብረው ስለሚጨምሩ ቁጥሩ ይቀየራል። መለወጫው ቀን ባለፈው ዓመት መዝገብዎ ላይ አለ፤ በግምት አይሂዱ።

በሌላው ጫፍ ያለው የሞተ ዕቃ ነው። በ6 ወር ውስጥ አንድም ያልተነሳውን ሁሉ አውጥተው በመግዣ ዋጋው ይደምሩት። ድምሩ ብዙ ባለሱቅ ያስደነግጣል። ከዚያ በመግዣው ወይም ከመግዣው በታች ይሸጡት፤ ማጣበቂያው ሳይደርቅ፣ ማርከሩ ሳይነጥፍ፣ የቀን መቁጠሪያው ዓመቱ ሳያልፍ። «በኪሳራማ አልሸጥም» የሚሉ አሉ። ኪሳራው ግን የደረሰው ዕቃው የተገዛ ቀን ነው፤ አሁን የቀረው ጥያቄ ከ100ው 70ውን ማዳን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም የሚለው ብቻ ነው። ለአከፋፋይ «ብዙ ከወሰድክ ቅናሽ አለ» ጥያቄም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። የ5 በመቶ ቅናሽ ለማግኘት የ6 ወር ዕቃ መግዛት ኪራይ የሚከፈልበትን ቦታና ገንዘብን አብሮ ያስራል። በየወሩ ለሚያልቅ ወረቀት የአንድ ወር ተኩል ግዢ ቅናሽ ካስገኘ ይውሰዱት፤ በዓመት አንዴ ለሚነሳ ስቴፕለር ግን አይውሰዱ።

ወረቀት ካነሳን፦ 80 ግራም የሚባለው ኤ4 ወረቀት (80 ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው) አንዱ ቅጠል 5 ግራም ስለሚመዝን 500 ቅጠል የያዘው ደስጣ 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የተጠራጠሩትን አዲስ ምርት ከመሸጥዎ በፊት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። በጉልህ ቀሎ ከተገኘ ወይ ቅጠሉ ጎድሏል ወይ ወረቀቱ ከተባለው የሳሳ ነው። ካርቶኖቹን በሲሚንቶ ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ከሥራቸው ጣውላ ይግባ። እርጥበት የሳበ ወረቀት ይጥቀለላል፣ ማሽን ውስጥም ይቀረቀራል። የደስጣውን ማሸጊያ የሚከፍቱት ወደ ማሽኑ ሲያስገቡ ብቻ ይሁን።

የኮፒ ማሽኑ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ጥሩ ትርፍ ያለበትም በቀላሉ የሚያፈስም እሱ ነው። በመጀመሪያ ዋጋው። የቶነር ሳጥን ላይ «10,000 ገጽ» ተብሎ ቢጻፍ ያ ቁጥር የተለካው የገጹ 5 በመቶ ብቻ ቀለም ሲሸፈን ነው፤ ይህም አንድ አጭር ደብዳቤ ያህል ነው። የተማሪ መጽሐፍ፣ ሥዕልና ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ በቀላሉ 10 በመቶ ይደርሳል፤ ያኔ ቶነሩ ወደ 5,000 ገጽ ይወርዳል። የገጽ ዋጋ ያወጡት 10,000ውን ይዘው ከሆነ የቀለም ወጪዎን በግማሽ አሳንሰው ቆጥረዋል። ትክክለኛውን ለማግኘት ቶነር በሚቀየርበት ቀን የማሽኑን ቆጣሪ ንባብ በሳጥኑ ላይ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ቅያሬ ልዩነቱን ያያሉ። ሦስት ቅያሬ ሲያልፍ የራስዎ እውነተኛ ቁጥር ይኖርዎታል። በገጽ ዋጋ ውስጥ የወረቀቱን፣ የቶነሩን፣ የድረሙን (ምስሉን ወደ ወረቀቱ የሚያሳርፈው የማሽኑ ሲሊንደር) እና የጥገናውን ድርሻ፣ የተበላሸውን ገጽና የሠራተኛውን ጊዜ ያስገቡ።

ቶነር የሚበላ አንድ ልማድ ልጥቀስ። መጽሐፍ ኮፒ ሲደረግ ክዳኑ ተከፍቶ ስለሚቀር በገጹ ዙሪያ ሰፊ ጥቁር ጠርዝ ይወጣል። ያ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ቀለም ነው፤ ከጽሑፉ በላይ ቶነር ሊጨርስ ይችላል። ብዙ ማሽኖች የጠርዝ ማጥፊያ ምርጫ አላቸው፤ ሠራተኛው እንዲጠቀምበት ያሳዩት። ከሌለ በመጽሐፉ ላይ ነጭ ወረቀት ደርቦ መክደን ይበቃል።

የጠረጠሩት መፍሰስ ካለ እዚህ ይያዛል። ጠዋት ሲከፈት የማሽኑ ቆጣሪ ይነበባል፤ ማታ ሲዘጋ እንደገና ይነበባል። ልዩነቱ ላይ የተበላሹት ገጾች ይቀነሳሉ፤ የቀረው ገንዘብ ሊገባበት የሚገባ ገጽ ነው። የተበላሸ ወረቀት ሁሉ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀም፤ ያልተያዘ ብልሽት እንደተሸጠ ይቆጠራል ብለው አስቀድመው ይናገሩ። በወረቀት ብዛት ለመቆጣጠር አይሞክሩ፤ ፊትና ጀርባ ሲታተም አንድ ቅጠል በቆጣሪው ላይ በአብዛኛው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። አንዳንድ ማሽን ደግሞ ኤ3ን እንደ ሁለት ይቆጥራል፤ የእርስዎን አንድ ኤ3 አውጥተው ይፈትኑት። በቀን 10 እና 15 ገጽ ልዩነት ሊኖር ይችላል። በየቀኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ልዩነት ካለ ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ለመሳቢያውም እንዲሁ። ሁልጊዜ እኩል በሆነ መነሻ ገንዘብ፣ ለምሳሌ በ2,000፣ ይከፈት። ማታ የተቆጠረው ገንዘብ መነሻው ተቀንሶ፣ በቀኑ ከመሳቢያ የወጣ ክፍያ በደረሰኝ ተደምሮ፣ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር ይነጻጸር። በሞባይል ወይም በባንክ የተከፈለው ለብቻው ይጻፍ። እርስዎም ከዚያ መሳቢያ ለቤት ጉዳይ አያውጡ። ደመወዝ ለራስዎ ይቁረጡ፣ በወር አንዴ ይውሰዱ፤ ከሱቁ ዕቃ ለቤት ከወሰዱም በመግዣ ዋጋው ይመዝግቡ። ባለቤቱ ሳይጽፍ የሚያወጣበት መሳቢያ ላይ ሠራተኛውን መጠየቅ አይቻልም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል፤ ገበያ ለመሳብ ቅናሽ የሚያስቡ ከሆነ። በ100 ገዝተው በ125 የሚሸጡት ዕቃ በመግዣው ላይ የጨመሩት 25 በመቶ ቢሆንም ከሽያጩ የሚቀርዎት 20 በመቶ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ የብዙ ሒሳብ መበላሻ ነው። በዚህ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቢቀንሱ 112.50 ይሸጣሉ፣ ትርፉ ከ25 ወደ 12.50 ይወርዳል። የቀድሞውን ያህል ለማትረፍ ብቻ እጥፍ መሸጥ አለብዎት፤ ከክምችቱና ከጉልበቱ እጥፍ ጋር። 5 በመቶ ጨምረው በ131.25 ቢሸጡ ግን ከአምስት ገዢ አንዱ ቢሄድ እንኳ ጥቅል ትርፍዎ አይቀንስም። ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው ጥቂት ዕቃ ነው፦ እስክሪብቶ፣ ደብተር፣ የአንድ ገጽ ኮፒ። በእነዚህ ከጎረቤት አይራቁ። በጥረዛ፣ በላሚኔሽን፣ በፋይልና በትናንሽ ዕቃዎች ላይ ግን ዋጋዎን በድፍረት ይመልከቱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሱቅ። ኪራይ፣ ሁለት ሠራተኛና መብራት በወር 26,000 ቢሆን በ20 በመቶ ትርፍ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በወር 130,000 መሸጥ አለበት፤ ያሁኑ ሱቅዎ ከሚሸጠው ከግማሽ በላይ። ሁለቱ ሱቆች ተቀራርበው ከአዲሱ ሽያጭ አንድ አምስተኛው ከድሮው ሱቅ የመጣ ደንበኛ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 162,500 ያድጋል። የ60 ቀን ዕቃ መሙያው ለ130,000 ሽያጭ 208,000 ነው፤ መደርደሪያ፣ ማሽንና የኪራይ ቅድሚያ ሳይቆጠር። ከዚያ በላይ ደንበኛ እስኪለምድ ያሉት ወራት አሉ፤ ቢያንስ የ6 ወር ቋሚ ወጪ፣ ማለትም 156,000፣ በእጅ ሳይኖር መጀመር የመጀመሪያውን ሱቅ አስይዞ መጫወት ነው።

ሌላው መለኪያ ገንዘብ አይደለም። ለ14 ቀን ከሱቁ ይጥፉ፤ አይደውሉም፣ ቁልፍም አይያዙ። ተመልሰው የቀን ሒሳቡ ከቆጣሪው ጋር ከተገናኘ፣ ማዘዣ በወቅቱ ከወጣ፣ ዱቤ ከጣሪያ ካላለፈ ሁለተኛ ሱቅ ማሰብ ይችላሉ። ካልሆነ የሚከፍቱት ሱቅ ሳይሆን ሁለተኛ ጭንቀት ነው። እስከዚያው ባለው ኪራይ ላይ የሚጨመር ገቢ ይፈልጉ፦ ለቢሮዎች በሳምንት ሁለት ቀን ትእዛዝ ሰብስቦ ማድረስ፣ የጥረዛ ማሽን መጨመር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሞ መክፈት። ቋሚ ወጪውን ብዙም ስለማይነኩት ከሚያስገቡት ጥቅል ትርፍ አብዛኛው ለእርስዎ ይቀራል።

ብድሩን በተመለከተ የብድሩ ዕድሜ ከሚገዛው ነገር ዕድሜ ጋር ይመጣጠን። ለትምህርት መክፈቻ የሚያዝ ዕቃ በ3 ወይም በ4 ወር ይሸጣል፤ የአጭር ጊዜ ብድር ይስማማዋል። የኮፒ ማሽን ዓመታት ያገለግላል፤ በ6 ወር ብድር ከገዙት ማሽኑ ሳያስገባ ክፍያው ይደርሳል። ለሞተ ዕቃና ላልተሰበሰበ ዱቤ መሸፈኛ ግን አይበደሩ፤ ቀዳዳው እንዳለ ወለድ ይጨመርበታል። ከመበደርዎ በፊት የሚቀጥሉትን 13 ሳምንታት በአንድ ወረቀት ላይ ያስምሩ፤ በእያንዳንዱ ሳምንት በእርግጥ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የሚቀረው። የዱቤ ገቢን ደንበኛው ቃል በገባበት ሳይሆን ከዚህ በፊት በከፈለበት ልማድ ይጻፉት። የብድሩ ክፍያ ገብቶ አንድም ሳምንት ከዜሮ በታች የሚወርድ ከሆነ ወይ መጠኑ ይቀነስ ወይ ጊዜው ይረዝም።

ቁጥሮቹ ሁሉ ተሟልተው አዲስ ቤት ወደ መከራየት ከደረሱ ደግሞ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ሳይጻፍ አይፈርሙ፦ ኪራይ በየስንት ጊዜና በምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል፣ እንዲሁም ሥራው ካልተሳካ በስንት ወር ማስጠንቀቂያ ቤቱን መልቀቅ እንደሚችሉ።